ፍየሎች በባሕሩ አፋፍ

በሪዮ ሴኮ ሸለቆ ዝናብ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መጀመሪያ ሣሩ ሄደ፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦው አመድ መሰለ፤ በመጨረሻም ሰዉ ስለ ዝናብ ማውራቱን ተወ። ወንዙማ ወንዝ የሚባለው በልማድ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ነጭ ድንጋይና የተሰነጠቀ ጭቃ ብቻ ነው ያለው።

ዙኒልዳ ታቢሎ በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ወደ በረቷ የምትወርደው ልቧ እየፈራ ነበር። ፍየሎቿ ድሮ ኮቴዋን ሲሰሙ ተጋፍተው የእንጨቱን አጥር ያንቋቁት ነበር፤ አሁን ቀና ብለው ያዩዋትና አንገታቸውን መልሰው ይደፋሉ። አብዛኞቹ ከብደዋል። ሆዳቸው ወደ ጎን ተወጥሮ የጀርባቸው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ተገትሮ ሲታይ፣ በውስጣቸው ያለው ግልገል እናቲቱን እየጠጣ የሚያድግ ይመስል ነበር።

ባሏ ሴጉንዶ ወደ ሰሜን፣ ወደ መዳብ ማዕድኑ ከሄደ ቆይቷል። በቅርቡ በጎረቤት አፍ የላከው መልእክት አጭር ነው፦ በወሩ መጨረሻ የሥጋ ነጋዴው መኪና ስለሚመጣ አንድም ፍየል ሳታስቀር ጭና፣ ቤቱን ቆልፋ እንድትመጣ፤ በሠራተኞቹ ካምፕ ማድ ቤት ሥራ እንደተገኘላት። ሴጉንዶ ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖላት ነው። ዙኒልዳ ግን መልእክቱን ከሰማች ጀምሮ ያላየችው ማድ ቤት ዓይኗ ላይ እየመጣ ይቆምባት ጀመር፤ መስኮት የሌለው፣ ድስቱም ማንኪያውም የሌላ ሰው የሆነ ቤት። ፍየሎቹ ከሄዱ ሸለቆውም አብሮ መሄዱ ነው። ሪዮ ሴኮ ውስጥ ያለ ፍየል የሚቀመጥ ሰው የለም። ምን ሊሠራ?

«ባሕሩ ዘንድ ሣር አለ» አላት አጎቷ ኤሌኦዶሮ።

አጎት ኤሌኦዶሮ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው። አብሯት ይኖራል። ለምን እንዳላገባ ሲጠይቁት፣ ሳወራ የማታቋርጠኝ ሴት አጣሁ ይላል። የባሕሩን ታሪክ በሸለቆው ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም። ገና ሕፃን ሳለ፣ በዚያ በትልቁ ድርቅ፣ አባቱ መንጋውን ወደ ባሕሩ ሲነዳ እሱን በአህያ ላይ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ ወስዶት ነበር። ያየው ነገር ግን የለም። ጉም ነው፤ በጠዋት ጉም፣ በቀትር ጉም። ባሕሩ ከሥር የሆነ ቦታ እንደ ትልቅ እንስሳ ሲያጓራ ይሰማዋል። ፍየሎቹ ደግሞ ሲመለሱ ሆዳቸው ከበሮ አክሎ፣ ጺማቸው ረጥቦ ጠብ ጠብ እያለ። እሱ ከሁሉ የማይረሳው ያንን የረጠበ ጺም ነው።

ዙኒልዳ ይህን ታሪክ በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር። ዘንድሮ አልሳቀችም። በቅሎዋ ላይ የውሃ ጀሪካኖችና የስንዴ በሶ ጫነችና መንገዱ በየት እንደሆነ ጠየቀችው። አጎት ኤሌኦዶሮ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እንደ ሞኝ አያት። በየት ይሆናል? በወንዙ ነዋ።

እሷም ይህንኑ ነበር የምትጠብቀው። በሪዮ ሴኮ የተወለደ ሰው ውሃ ሲፈልግ ወደ ታች ነው የሚሄደው። በሕይወቱ አረንጓዴ ነገር አይቶ ከሆነ ከሸለቆው ወለል ላይ ነው ያየው፤ በለሱም፣ ወይኑም፣ አትክልቱም ታች ነው። ላይ ያለው ድንጋይና ፀሐይ ነው። ልጅ መራመድ ሲጀምር ይህን ከእግሩ ጋር ይማረዋል። ስለዚህ በረቱን ከፍተው መንጋውን በደረቁ ወንዝ ሆድ ውስጥ ለቀቁና ወንዙ ወደሚወስዳቸው ተከተሉት።

ከመጨረሻው የወይን ማሳ በታች ያለውን አገር ዙኒልዳ ዘልቃው አታውቅም። ግራና ቀኝ ያሉት ጋራዎች ከቤቷ ደጅ ሆና ስታያቸው አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ። ሲቀርቡ ግን አንዱ እንደ በርበሬ ቀላ፣ አንዱ እንደ እርግብ አንገት ወደ ሰማያዊ አደላ፣ አንዱ መዳብ አዝሎ አረንጓዴ ሆነ። ፀሐይ ከአናት ስትወጣ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋል፤ ስታዘቀዝቅ ከድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያህል ቀለም ማን ያየው ነበር ብላ አሰበች፤ በየቀኑ እየወጣ፣ አንድም ሰው ሳያየው በየቀኑ እየገባ። ቁልቋሎቹ በየአፋፉ እንደ ሰው ቆመው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ የጥንት ሰዎች አለት ላይ የፈለፈሏቸው ፊቶች ነበሩ፤ በራሳቸው ዙሪያ ጨረር ያላቸው፣ አፍ የሌላቸው። አጎት ኤሌኦዶሮ ባርኔጣውን አውልቆ ለእያንዳንዳቸው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዙኒልዳ፣ በመጨረሻ የማያቋርጥህ ሰው አገኘህ ብላ ተረበችው። እሱም ጨዋ ሰዎች መሆናቸው ከሩቁ ያስታውቃል አላት።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀነሰ። ከአሮጊቶቹ ፍየሎች አንዷ ጉልበቷን አጠፈችና አልነሳም አለች። ዙኒልዳ ከጎኗ ተቀምጣ እስኪያበቃላት ጠበቀች። ሌሎቹም እየተንገዳገዱ መሆናቸውን አይታለች። የቀረውን ውሃ በበቅሎዋ ላይ በዓይኗ ለካችና፣ አሁን ወደ ኋላ መመለስም ወደ ፊት የመሄድን ያህል ሩቅ እንደሆነ ገባት።

አንድ ጠዋት ስትነሳ ጋራዎቹ አናት አልነበራቸውም። ከባሕሩ በኩል የመጣ ነጭ ነገር ከወገባቸው በላይ ቆርጧቸው፣ ከግራው ጋራ እስከ ቀኙ ጋራ ተዘርግቶ ለሸለቆው ጣሪያ ሆኗል። ምሰሶ የለው፣ ድምፅ የለው። ከሥሩ ሲገቡ ብርሃኑ እንደ ወተት ሆነ፤ መሬቱ ግን ያው አመድ፣ አየሩም ያው ደረቅ ነው። ዙኒልዳ አንጋጣ እያየች ትሄድ ስለነበር ድንጋይ እያደናቀፋት ሁለት ጊዜ በአፍጢሟ ልትደፋ ደረሰች። የመንጋው መሪ፣ ሬይና የሚሏት ትልቋ ጥቁር ፍየል፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ በየጎኑ ወዳለው ገደላገደል መውጣት ጀመረች። ዙኒልዳ በጠጠር መለሰቻት። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ሞከረች። አጎት ኤሌኦዶሮ፣ ይቺ ፍየል መንገድ ከእኔ በላይ ልታውቅ ነው እንዴ ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ዙኒልዳ የጭነት መኪና መስሏት ቆመች። ድምፁ ግን አላለፈም፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያንኑ ነገር ይላል። ሸለቆው ታጠፈ፤ ጋራዎቹ ወደ ጎንና ጎን ገለል አሉ፤ ከፊት ለፊት የነበረው ነገር ሁሉ አለቀ።

ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ነገር ጀርባ ኖራለች። ሰው ሲያወራ ሰምታ በሐሳቧ የሠራችው ባሕር ትልቅ ኩሬ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው። ይህኛው ማዶ የለውም። እንደ ሸለቆው መሬት ተኝቶ አይደለም የቆያት፤ ከሩቅ ተነስቶ፣ ጀርባውን አሳብጦ፣ ወደ እሷ እየመጣ፣ እግሯ ሥር ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ይሰበራል። ጥቁሩ ቋጥኝ ላይ አረፋው ወደ ሰማይ ይወጣል። ሻላዎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በማዕበሉ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ያልፋሉ። ዙኒልዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ያህል ውሃ፣ ሸለቆው ሲሞት፣ እዚህ ሲጫወት ኖሯል።

ዓይኗን ከውሃው ላይ ለማንሳት የቻለችው አጎቷ ዝም በማለቱ ነው። አጎት ኤሌኦዶሮ ዝም ብሎ አያውቅም። ዞር ብላ እሱ የሚያየውን አየች። አሸዋ። ጠጠር። ከእንጨት የተሠሩ ጥቂት ቤቶች። ከወንዙ አፍ እስከ ባሕሩ ከንፈር አንዲት ሰበዝ ሣር አልነበረችም።

ፍየሎቹ ግን አላዘኑም። ከቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ጠጠሩ ላይ እንደ ቆዳ ተዘርግቶ የሚደርቅ ቡናማ ነገር አይተው ነበርና መንጋው በሙሉ በቀረው ጉልበቱ ሮጦ ሠፈረበት። የባሕር አረም ነው። ዙኒልዳ ደርሳ ልትመልሳቸው ስትታገል፣ የጎማ ቦት ጫማና የወንድ ካፖርት ያደረገች ሴት ጫፉ ቆልማማ የሆነ ረጅም እንጨት ይዛ ከአንዱ ቤት ወጣች። ኤዴልሚራ ካምፑሳኖ ትባላለች፤ አረሙ የእሷ ነው፤ አድርቃ የምትሸጠው፣ የወር ልፋቷ።

«እነዚህ ጺማሞች የማን ናቸው?» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«የእኔ ናቸው።»

«ከላይ፣ ከሸለቆው? እዚያ ድንጋዩ አለቀባችሁና ወደኔ መጣችሁ?»

አጎት ኤሌኦዶሮ ድምፁ ተመለሰለት። «የበሉት ለይሉኝታ ነው፣ ዶኛ» አላት፣ እንደ እመቤት አክብሮ። «ሽታውማ ፍየል የሚያስጠጋ አልነበረም።»

ሴትዮዋ ከእግሩ እስከ ባርኔጣው አየችውና ወደ ዙኒልዳ ዞረች። «ይሄኛውስ? ይታለባል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው?»

ዙኒልዳ የምትከፍለው እንደሌላትና የበሉትን በጉልበቷ እንደምትመልስ ነገረቻት። ኤዴልሚራ ይህን ስትሰማ ያንን ቆልማማ እንጨት ወረወረችላት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዙኒልዳ እስከ ወገቧ ባሕር ውስጥ ነበረች። ውሃው እንደ ቢላዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲመለስ ከእግሯ ሥር አሸዋውን ይዞባት ይሄዳል። ማዕበሉ የጣለውን አረም በእንጨቱ እየሳበች፣ እንደ እርጥብ ሬሳ የከበደውን በትከሻዋ ተሸክማ ወደ ጠጠሩ ታወጣለች። አንድ ጊዜ ከቋጥኙ ጋር ተጣብቆ የሚወዛወዝ ትልቅ አረም አይታ ልትነቅለው እጇን ስትሰድ ኤዴልሚራ ያዘቻት።

«እሱ ገና የባሕሩ ነው» አለቻት። «እኛ የምንወስደው የሰጠንን ነው። ሥሩን የነካ ሰው እዚህ ሰፈር አይኖርም።»

ዙኒልዳ ትእዛዙ አልከበዳትም። ፈርታም ቢሆን፣ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን፣ ከዚያ ውሃ መውጣት አልፈለገችም።

ሲመሽ ጨው የበሉት ፍየሎች በጥም ያብዱ ጀመር። ኤዴልሚራ እያጉረመረመች ከቤቷ ጀርባ ያለውን የታንከር ቧንቧ ከፈተችና ገንዳ ሞላችላቸው። ዙኒልዳ ከውሃው ቀመሰች። ጣፋጭ ነው። ወንዝ በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት፣ ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። ኤዴልሚራ በአገጭዋ ወደዚያ ነጭ ጣሪያ አሳየቻትና ከጉሙ ነው አለች። አጎት ኤሌኦዶሮ እየተሾፈበት መሰለው። እሱም በበኩሉ የማይታመን ታሪክ እንደሚያውቅ ሊያሳያት ያንን የልጅነት ጉዞውን ከመጀመሪያው አንስቶ ተረከላት፤ ቅርጫቱን፣ ጉሙን፣ ከሥር የሚያጓራውን ባሕር፣ የረጠበውን ጺም።

ኤዴልሚራ የምትጠብሰውን ዓሣ ማገላበጥ ተወች። «ባሕሩ ከሥር ነው የሚያጓራው አልክ?»

«ከሥር።»

«ጺማቸውም ረጥቦ?» መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደችው። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ታች ከተወለድሁ ጀምሮ የማንም ጺም ሲረጥብ አላየሁም። ከሣሩ ሥር ነው ያለፋችሁት። ሣሩ እላይ ነው። ጉሙ ውስጥ።»

ዙኒልዳ፣ ሬይና አፍንጫዋን ቀስራ ወደ ገደሉ ስትወጣ፣ እሷም በጠጠር ስትመልሳት ታያት። አጎት ኤሌኦዶሮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያዞር ጀመር፤ እንግዲህ ጣሪያ ላይ ሣር ይበቅላል ብሎ ማን ይገምታል አለ፣ ቀስ ብሎ።

ኤዴልሚራ ግን የተናገረችው ወዲያው ቆጭቷት ነበር። ሸንተረሩ ላይ ከሣሩ ጎን ዛፎች አሉ፤ ጉሙን የሚያጠምዱት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ ጎን የሰፈሩ መረብ ተተክሏል፤ ውሃው በቧንቧ የሚወርደው ከዚያ ነው። ፍየል ደግሞ ዛፍ ትበላለች። ዛፉ ከተላጠ ጉሙ የሚያርፍበት የለም፤ ሰፈሩ ይጠማል። ይህን ሁሉ ተናግራ አይሆንም አለች፤ ለጎረቤቶቿ ምን ብላ ትመልስ?

ዙኒልዳ ዓሣውን አልነካችም። «አይሆንም ካሉኝ ባሌ ጫኝበት ወዳለኝ የሥጋ መኪና ነው የምመልሳቸው» አለች። «እሱም ከደረሱ ነው። ግልገሎቹ ሆዳቸው ውስጥ እየተላወሱ። እኔም በዚያው መኪና እሄዳለሁ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ሬይናን አንድ ቦታ እቸክላታለሁ፣ ዶኛ ኤዴልሚራ። አንገቷ ላይ ቃጭል አለ። የእኔ ፍየሎች ያ ቃጭል ከሚሰማበት አይርቁም። ጉም ይሁን ጭለማ፣ በጆሯቸው ነው የሚያዩት።»

«ዛፍ ቢሸታቸውስ?»

«ቃጭሉን እየሰሙ አይሄዱም።»

ኤዴልሚራ እሳቱን ቆሰቆሰች። በመጨረሻ አንድ ቀን ትሞክር አለች፤ ቀትር ላይ ጉሙ ሲገለጥ ራሷ ወጥታ ታያለች፤ አንዲት ቅርንጫፍ ተነክታ ብታገኝ በዚያው ሰዓት ሸንተረሩን ለቅቀው ይሄዳሉ። እስከዚያው ሽማግሌው መያዣ ሆኖ አረም ሲያገላብጥ ይውላል። አጎት ኤሌኦዶሮ እያገላበጡ ማውራት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀ። ኤዴልሚራ ለአረሙ ማውራት እንደሚችል ነገረችው።

ሲነጋ ዙኒልዳ መንጋዋን ይዛ በገደሉ መንገድ ወጣች። ፍየሎቹን መንዳት አላስፈለጋትም። ሬይና ከፊት ናት፤ ሆዷ እየከበዳት፣ እያቃሰተች፣ ግን አትቆምም። ወገብ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ዋጣቸው። ዙኒልዳ ከፊቷ የምትሄደውን ፍየል ጅራት ብቻ ነው የምታየው። ፊቷ ረጠበ። ቅንድቧ ላይ ውሃ ተንጠለጠለ። ከዚያ ጫማዋ የሚያሰማው ድምፅ ተለወጠ፤ የድንጋዩ ኳኳታ ቀረና ለስላሳ ነገር ረገጠች። ጎንበስ ብላ ነካችው። ሣር ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ፣ ቀዝቃዛ፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ጠብታ የተሸከመ።

ዛፎቹ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ አንድ በአንድ መጡ። ነፋሱ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አጉብጧቸዋል። ከቅርንጫፋቸው የተንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት እስከ መሬት ይደርሳል፤ ግንዳቸው አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል፤ ከቅጠላቸው ደግሞ ውሃ ይንጠባጠባል። ሰማዩ እየዘነበ አይደለም። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱን ዝናብ ለራሱ ያዘንባል። ዙኒልዳ ከአንዱ ሥር ቆማ ጠብታው አናቷን ሲመታት ሳታስበው ሻሿን አወለቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሸለቆው አንጋጦ ሲጠብቀው የነበረው እዚህ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው በየጠዋቱ ይመጣል። ወዲያ በኩል የሰፈሩ መረቦች በረጃጅም እንጨት ተወጥረው እንደ ጥቁር ሸራ ቆመዋል። ጉሙ በውስጣቸው ሲያልፍ በየክሩ ላይ እንደ ጨሌ ይደረደራል፤ ጨሌው ይከብዳል፤ ይወርዳል፤ ታች ባለው አሸንዳ እየተንኮለኮለ ይሄዳል።

ችካሏን ከዛፎቹ ርቃ፣ በሸለቆው በኩል ባለው ተረተር ላይ ቀበረችና ሬይናን አሰረች። ከዚያ በዛፎቹና በመንጋው መካከል ተቀመጠች። ምንም አይታያትም። ይሰማታል እንጂ፤ በየአቅጣጫው የሚቆረጥ ሣር፣ የሚያኝክ ጥርስ፣ የሬይና ቃጭል። በዚያ ነጭ ዓለም ውስጥ የሚበሉ ፍየሎችን እየሰማች፣ እንደዚህ ያለ ድምፅ መኖሩንም ረስታው እንደነበር አወቀች።

ቃጭሉ ዝም ያለው ጠዋቱ ገፋ ሲል ነው።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ከዚያ የሚያኝከው ድምፅ መራቅ መጀመሩን ሰማች፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ዛፎቹ። ተነስታ ወደ ችካሉ ሮጠች። ሬይና ተኝታለች። አንገቷ ተዘርግቷል፤ ሆዷ ይኮማተራል፤ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ሰኮና ወጥታ ቀርታለች። አንድ እግር ብቻ። ግልገሉ ተጣሞ ነው የመጣው፤ ካልረዳቻት እናቲቱም ልጁም አይተርፉም። ከዛፎቹ በኩል ደግሞ ቅርንጫፍ የተጎነተለ የሚመስል ድምፅ ሰማች፤ ጠብታዎች በአንድ ጊዜ ሲረግፉ።

ወደ ዛፎቹ ብትሮጥ ሬይና ትሞታለች። እዚህ ብትንበረከክ መንጋው ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ያበቃል። ዙኒልዳ የቃጭሉን ጠፍር ከሬይና አንገት ላይ ፈታችና በጥርሷ ነከሰችው። ተንበረከከች። አንድ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ የታጠፈውን እግር ስትፈልግ ራሷን እንደ እብድ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ቃጭሉ አገጭዋን ይመታታል። ጠፍሩ የፍየል ላብ ይሸታል። እጇ የግልገሉን ጉልበት አገኘ፤ ገፋ አደረገችው፤ አቃናችው፤ ራሷን መነቅነቅ አላቆመችም። አንገቷ ሲዝል ጀርባዋን በሙሉ ታወዛውዛለች። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ብትገልጠውም የሚታይ ነገር የለም። ፍየሎቹ ይሰሟት፣ አይሰሟት፣ አታውቅም። ሬይና ጮኸች። የሆነ ሙቅ፣ አንሸራታች ነገር በክንዶቿ ላይ ወጣ።

ብርሃኑ በዐይን ቆቧ በኩል ሲቀላ ነው ዓይኗን የገለጠችው።

ጉሙ ተቀዷል። ከላይ ሰማይ መጣ፣ ሰማያዊ፤ ከዚያ ነጩ ነገር እንደ መጋረጃ በሁለት በኩል ወረደ። ዙኒልዳ የተንበረከከችው በዓለም ወገብ ላይ ነበር። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ እስከ ሰማይ ድረስ፣ ማዕበሉ ከዚህ ላይ ሲታይ ሻሽ ላይ እንዳለ ሽብሽብ ያለ፣ ያ ሁሉ ጩኸቱ ቀርቶ በሹክሹክታ። በሌላው በኩል ሸለቆው፤ ቀዩ ጋራ፣ ሰማያዊው ጋራ፣ መዳብ ያዘለው፣ በመካከላቸው የወንዙ ነጭ ክር እየተጠማዘዘ እስከ ቤቷ ድረስ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያይ ቦታ እንዳለ ማንም ነግሯት አያውቅም። ቃጭሉ አፏ ውስጥ እንዳለ ረሳችው።

«ማን ነው የሚደውለው?» የሚል ድምፅ መጣ። ኤዴልሚራ በመንገዱ አናት ላይ እያለከለከች ቆማለች። መልስ አልጠበቀችም። መጀመሪያ ወደ ዛፎቹ ነው የሄደችው። ዙኒልዳ እጇ እስከ ክርኗ በደም ተነክሮ፣ ግልገሉን ታፋዋ ላይ ይዛ በዓይኗ ተከተለቻት። ሴትዮዋ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄደች ቅርንጫፉን ቀና ታደርጋለች፣ ቅጠሉን ታገላብጣለች፣ መሬቱን ታያለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች።

ኤዴልሚራ ቀና ስትል ጣቶቿ መካከል የግራጫ የዛፍ ሽበት ቁራጭ ይዛ ነበር፤ ጫፉ የታኘከ። ይዛው መጣች። ከፍየሎቹ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። መንጋው በሙሉ በዙኒልዳ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ነበር፤ አንዳንዱ ይግጣል፣ አንዳንዱ አፉን ከፍቶ እሷን ያያል። ሬይና ልጇን እየላሰች ነው። ኤዴልሚራ የፍየሎቹን ክብ አየች፣ ዙኒልዳን አየች፣ ከከንፈሯ የተንጠለጠለውን ቃጭል አየች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ እዚያው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ የሞተ ነው» አለች፣ ያንን ቁራጭ እያየች። «ፍየሏ ከመሬት ያነሳችው ነው። ዛፉ ራሱ የጣለው።» ጣለችውና መዳፏን ካፖርቷ ላይ ጠረገች። ለጥቂት ጊዜ ባሕሩን አየች፤ ከዚያ፣ በሕይወቷ ወደዚያ በኩል አይታ እንደማታውቅ ሁሉ፣ ሸለቆውን። «ያ ወንዝ ነው የናንተ?»

ዙኒልዳ ቃጭሉን ከአፏ አወጣች። መንጋጋዋ ደንዝዞ ቃል እምቢ አላት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አጎትሽ ነገ ይመለስና መኪናው ባዶውን ይሂድ ብሎ ለባልሽ መልእክት ይላክበት» አለች ኤዴልሚራ። «እኔ ለሰፈሩ እናገራለሁ። ሁሉም አይወዱትም። አንዳንዱ ይጮኻል። እናያለን።» ግልገሉ ለመቆም ሞክሮ በአፍንጫው ሣሩ ላይ ወደቀና አስነጠሰው። ሴትዮዋ ጠብታውን ከግንባሩ ላይ በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። «ነገ ችካሉን የት ነው የምትተክይው?»

ዙኒልዳ ተረተሩን በዓይኗ ሄደችበት። ሣሩ በሸለቆው በኩል፣ ከዛፎቹ እየራቀ፣ ጉሙ እስከሚደርስበት ድረስ ይወርዳል። ከዚያ በታች እንደ ተሰመረ መስመር አመዱ ይጀምራል። በደም የተነከረ እጇን ዘርግታ፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቦታ አሳየቻት።